አንቺንና እማዬን ከፈተናው ያወጣሁበት ምክንያት

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ በወጣሽ ቁጥር የሚንቋቋው ጉልበትሽ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም ካንቺ እኩል ያወራል? እማዬስ እንዴት ናት? የግፊት ኪኒኗ ከተቀየረላት ወዲህ ሳሉ ለቀቃት? እንቅልፍስ ጠገበች? ባለቤትሽ ጋሼ ዓይናቸውን ታዩ ወይስ አሁንም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ? ልጆቹ፣ ሱቁ፣ የስፌት መኪናው፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ተመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት። «ለእህትህ ስትጽፍ በቁጣ እንዳትጀምር» ብላ አስጠንቅቃኛለችና ይኸው እስከዚህ ድረስ አልተቆጣሁም።

አሁን ግን ልጀምር። ስልኬን ማንሳት ከተውሽ ሰነበትሽ። ልጅሽ ታነሳና «እማማ ሥራ ላይ ናት» ትለኛለች፤ ከኋላዋ «የለችም በይው» የሚለው ድምፅ ግን የኔ አይደለም ብትዪኝ አላምንሽም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ያንቺው ድምፅ ነው። ምክንያቱን የነገረኝ ፍሪጁ ነው። ፍሪጁን መቼም አትረሺውም፤ አንቺና እማዬ እዚህ መጥታችሁ በከረማችሁ ጊዜ ሻንጣችሁን ተሸክሞ የሸኛችሁ፣ በእኛ ቤተ ሙከራ የናሙና ማቀዝቀዣዎቹን የሚጠብቀው ያገራችን ሰው ነው። ምንም ነገር ስለማያሞቀው ስሙን እኛው ነን ያወጣንለት። ለካ እሱ ሆዬ ደውሎልሽ «ወንድምሽ አንቺንና እናታችሁን ከጥናቱ አስወጣችሁ» ብሎሻል። አንቺም «ምራቄ ምን ጎደለው? ሰው ዘመዱን ያስገባል፣ የኔው ወንድም አውጥቶ ይጥላል!» ብለሽ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግተሽበታል።

እታለም፣ ምራቅሽ ምንም አልጎደለውም። ያስቸገረን መትረፉ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ፤ በግማሽ የተነገረ ነገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ፍሪጁ የነገረሽ ደግሞ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

በእያንዳንዱ ሰው ገላ ውስጥ እጅግ ረጅም ጽሕፈት አለ። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት የተወረሰ ነው። ይህን ጽሕፈት ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የእኛ ጥናት የግፊት መድኃኒት አንዱን ሲያሽለው ሌላውን እንደ እማዬ ለምን ሲያስለው እንደሚያድር ለማወቅ መቶ ሺህ ሰው ይዟል። የመቶ ሺህ ሰው ጽሕፈት ሙሉውን እናንብብ ብንል እኔም አንቺም አፈር ሆነን አያልቅም። ስለዚህ የምናደርገው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ሰው የተመረጡ ነጥቦችን ብቻ እናነባለን፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ይቀራል። ባዶውን የሚሞላልን ኮምፒውተሩ ነው። የሚሞላውም ዝም ብሎ አይደለም፤ ጽሕፈታቸው ከዳር እስከ ዳር የተነበበ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱን ማመሳከሪያ እንላቸዋለን። ጽሕፈት ከአያት ቅድመ አያት የሚወርደው በትልልቅ ቁራጭ ስለሆነ፣ ያንቺ ነጥቦች እዚህና እዚያ ከአንዱ ማመሳከሪያ ጋር ከገጠሙ፣ በመካከሉ ያለውም እንደዚያው ሰው ነው ተብሎ ይሞላል። ግምት ነው፤ ግን ሥርዓት ያለው ግምት ነው።

አሁንም ካልገባሽ ራስሽን ተመልከች። የሰውን ንግግር ከአፉ ነጥቀሽ የምትጨርሽ አንቺ አይደለሽም? ደንበኛሽ «ቀሚሱን ወገቡ ጋ ትንሽ…» ስትል «ላጥብበው» ትያታለሽ፤ አትስቺም። ሰፈሩን ስለምታውቂው ነው። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣው የጤና ጣቢያው ሐኪም ግን ሱቅሽ ገብቶ «ባለቤቴ ትናንት…» ሲል «ጥላህ ሄደች?» ያልሽውን እስከ ዛሬ እንስቃለን። ሰውየው ወለደች ሊልሽ ነበር። ኮምፒውተሩም እንዳንቺው ነው፤ የሚያውቀውን ሰው ቢጤ ሲያገኝ ልክ ይሞላል፤ የማያውቀው ሲመጣ ባል አስጥሎ ያስኮበልላል።

ታዲያ ግምቱ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን? የምናውቀውን እንሸፍንና «በል ሙላ» እንለዋለን፤ ከዚያ ከእውነተኛው ጋር እናስተያያለን። ከመቶ ዘጠና ካልመታ፣ ያ ሕዝብ ከጥናቱ ይወጣል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው። ከእናንተ አካባቢ አምስት ሺህ ሰው ደም ሰጥቷል። ብልቃጦቹ ፍሪጁ ዘንድ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ዕጣ በዚህች ፈተና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ፈተናውን የሠራችው መብረቅ ናት። መብረቅ የምንላት ከእኛ ክፍል ያለች ወጣት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናት፤ ጥያቄሽን ሳትጨርሽ መልሱ ይደርስሻል፤ ነጎድጓዱ ነው በኋላ የሚመጣው። ከዚህ ከተማ ነዋሪ ከሆኑት፣ ጽሕፈታቸው ሙሉውን ከተነበበ ያገራችን ሰዎች አርባውን መርጣ ሸፈነች፤ እኔም ከአርባው አንዱ ነበርኩ። ውጤቱ ከመቶ ዘጠና ሰባት ሆነ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ኬክ መጣ። ፍሪጁ እንኳ ፈገግ አለ፤ በረዶው ሲሰነጠቅ የሰማሁ መሰለኝ።

እኔ ግን ሦስቱ የት ነው የሚኖሩት ብዬ ጠየቅሁ። መብረቅ ቢላዋውን እንደያዘች «ምን ሦስት?» አለች። «ዘጠና ሰባት ልክ ከሆነ የተሳሳቱት ሦስቱ የት የት ናቸው?» አልኳት። «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ኬክ ብላ» አለችኝ። ኬኩን በላሁ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ሄጄ የራሴን ስህተቶች አወጣሁ።

ስህተት በእውነት ስህተት ከሆነ እንደ ጠብታ ዝናብ ሁሉም ቦታ ይወድቃል። የኔዎቹ ግን እንደዚያ አልነበሩም። ረጅም ረጅም ቦታ አንድም ስህተት ሳይኖር ይሄድና አንድ ጥግ ላይ ተጠራቅመው ይቆማሉ። ጥሩ ልብስ ላይ እንደተጣፈ እራፊ። ይኼ ነገር አላስቀመጠኝም። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ቁራጭ ከየትኛው ማመሳከሪያ ወስዶ እንደሞላት ምልክት ያስቀምጣልና እሱን ተከተልኩ። ከእናቴ የወረስኩት ግማሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሞላው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ከአባቴ የወረስኩትም ግማሽ ያህሉ የተሞላው ከሌላ አንድ ሰው ነው። ስም የለባቸውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ዝምድናውን ግን ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። አንደኛዋ እማዬ ናት። ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ።

እዚያው ወንበሬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ እታለም። ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ እዚህ ድረስ ዘልቀሽ ስለኔ ትመልሻለሽ! በልጅነቴ ሰው «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ሲለኝ አፌን ሳልከፍት የምትመልሽ አንቺ ነበርሽ፤ ዛሬም አልተውሽም። ኮምፒውተሩ እኔን አውቆ አይደለም ዘጠና ሰባት ያመጣው፤ እናቴንና እህቴን ጠይቆ ነው።

የተሳሳተባቸው ቦታዎች ደግሞ የት እንደሆኑ ገባሽ? ከአባባ እኔ ወርሼ አንቺ ያልወረስሽው ነው። እሳቸው በሕይወት ስለሌሉ የሚጠይቃቸው አላገኘም፤ ከማያውቁን ሰዎች ቆርሶ ሞላው፤ እዚያ ነው እየተደናበረ የሄደው። እነዚያን ጥጎች አንድ በአንድ አየኋቸው። እማዬ ይህን ሰምታ «ቁጣህ የአባትህ ነው» እያለች እንዳትኩራራ ንገሪያት፤ ለቁጣ የተለየ ፊደል እስካሁን አላገኘሁም።

ሳቁ ሲያልፍ ነገሩ አስደነገጠኝ። የቀሩትን ሰዎች ቁጥሮች ሳይ አብዛኞቹ እንደኔው ናቸው፤ አንዱ ወንድሙ አለ፣ አንዷ እናቷ አለች፣ አንዱ አክስቱ ከነልጆቿ አለች። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ ሒሳብ አያስፈልግም። የእኛ ሰው ጥርሱን ለመነቀልም ቤተሰቡን ይዞ ነው የሚሄደው። «ምራቅ የሚሰጥ ፈቃደኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ሲለጠፍ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ፤ ለጥየቃ የመጣው ሁሉ አብሮ ምራቁን ተፍቶ ሰጠ፤ አንቺና እማዬም እንዲሁ፤ ያ ሁሉ ምራቅ ሙሉውን ተነቦ ማመሳከሪያው ውስጥ ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ደስ ብሏት ነበር፤ ወንበር አልበቃትም። ለአርባዎቹ እንግዲህ ፈተናው መልሱ ከጎን ተቀምጦ የተሠራ ፈተና ነው። እነዚያ አምስት ሺህ ሰዎች ግን እናትም እህትም ማመሳከሪያው ውስጥ የላቸውም። ለእነሱ የሚደርሳቸው የአባባ ጥግ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለፍሪጁ ነገርኩት። ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ጓንቱን ሳያወልቅ አዳመጠኝና «አንተ ሰውዬ፣ ማን ጠየቀህ?» አለኝ። «የራስህን ሰዎች ልታስወጣ ነው? አሁን ይግቡ፤ ከገቡ በኋላ ይስተካከላል። ዝም ብትል ምን ትሆናለህ?» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለአፍታ ያህል ልተወው ዳድቶኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ እነዚያን ብልቃጦች እንደ ልጅ ነው የሚያያቸው። ግን እታለም፣ ባዶ ቦታ ቢያንስ ባዶ መሆኑ ይታያል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ይሞላዋል። በስህተት የተሞላ ቦታ ግን ሞልቷል ተብሎ ይዘጋል። ነገ ሐኪም ያንን አምኖ ለሌላዋ እማዬ ኪኒን ቢያዝ፣ ሳሉን ማን ይስላል? ይህንኑ ስነግረው «አንተ ካልተጣላህ ቁርስ አይዋጥልህም» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። መብረቅ ፊቷ ቀላ፤ «ለምን ለብቻዬ አልነገርከኝም?» አለችኝ። «ነገርኩሽ እኮ፤ ኬክ እየቆረጥሽ ነበር» አልኳት። ጨካኝ መልስ ነበር፤ ልጅቷ ግን የምር ሰው ናትና ወዲያው ከእያንዳንዱ ተፈታኝ ዘመዱን እያወጣች ፈተናውን እንደገና ሠራችው። ከፈተናው የወጣችሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያወጣኋችሁም እኔ ነኝ፤ አንቺን ስለናቅሁ ሳይሆን ስለኔ አብዝተሽ ስለምታውቂ ነው። ከማመሳከሪያው የጣላችሁ ማንም የለም፤ ፈተናው ሲያልቅ ወደየቦታችሁ ተመልሳችኋል። አዲሱ ውጤት ሰማንያ ስድስት ሆነ።

አለቃችን ቃል የማታባክን ሴትዮ ናት። ወረቀቱን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ «እንግዲህ ይወጣሉ» አለች። አምስት ሺህ ሰው በሁለት ቃል! ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ባለቤቴ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ጠረጴዛውን እንደመታሁና የማን እንደሆነ ያላወቅሁት ሻይ እንደተደፋ ብቻ ልንገርሽ። «እውነቱን የነገርኳችሁ እንድታስወጧቸው ነው ወይ? ማመሳከሪያው የማያውቃቸው የእነሱ ጥፋት ነው ወይ? የማላውቀው ደንበኛ ልኬት የለኝም ብላ ራቁቱን የምትሸኝ ልብስ ሰፊ የት አገር አለች?» አልኩ። አለቃዬ ሻዩ እስኪጠረግ ጠበቀችና «እጅህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳና ምን እንደምትፈልግ ንገረኝ» አለችኝ።

እኔ ከመናገሬ በፊት መብረቅ ነጠቀችኝ። ለካ እኔ ስጮህ እሷ ስትሠራ ነበር። ከአገራችን ሰዎች በሥጋ የማይገናኙትን ጥቂቶች ብቻ ለይታ፣ አምስት ሰው ወደ ማመሳከሪያው ስትጨምር፣ አሥር ስትጨምር፣ ሃያ ስትጨምር ግምቱ ምን ያህል እንደሚሻሻል ለክታለች። መስመሩ ይወጣል። «ከአምስቱ ሺህ መካከል የማይዛመዱ ሦስት መቶ ሰዎች ሙሉ ቢነበቡ ዘጠናን እናልፋለን፤ ካላለፍን ኬኩን እኔ እተፋለሁ» አለች። አለቃችን ብዙ አሰበች። በመጨረሻ ለሦስት መቶው ንባብ ፈቀደች፤ እስከ ጥር መጨረሻ ፈቃዳቸው ከመጣ አምስቱ ሺህ ይቆያሉ፤ ካልመጣ ይወጣሉ። ያን ቀን ፍሪጁ የማቀዝቀዣውን በር ክፍት ረስቶት ሄደ፤ ደወሉ ሲጮህ ነው የተመለሰው። እንዲህ ያለ ደስታ አይተንበት አናውቅም።

የቀረው ፈቃዱ ነው፤ እዚህ ላይ ነው አንቺ ያለሽበት። ሰዎቹ ደም ሲሰጡ የፈቀዱት ነጥብ ነጥቡ እንዲነበብ ብቻ ነው። ሙሉውን ለማንበብ እንደገና መጠየቅ አለባቸው፤ ያለፈቃድ የሰው ገላ አናነብም። የጤና ጣቢያው ነርስ እየዞረች ትጠይቃቸው ጀምራለች። ትናንት ስደውልላት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ሰዎቹ እምቢ አላሉም። «ቆይ፣ ልብስ ሰፊዋን ጠይቀን እንምጣ» ነው የሚሉት። ጤና ጣቢያው ከሱቅሽ ፊት ለፊት ነው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ አግዳሚሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። አንቺ ደግሞ መርፌ በከንፈርሽ ይዘሽ «እኔን የገዛ ወንድሜ አውጥቶኛል፤ እናንተን ምን ሊያደርጓችሁ ነው?» ትያቸዋለሽ። ነርሷ እስካሁን ያገኘችው ፈቃድ የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ስደበድብ ያተረፍኩትን አንቺ እዚያ መርፌ ነክሰሽ ትበትኚዋለሽ!

ይኸው ተቆጣሁ። ባለቤቴ እያየችኝ ነው፤ ውኃ ልጠጣ።

ደግሞ መልሼ ልለምንሽ። የምትያቸውን ልንገርሽ፤ ከዚህ ቀንሰሽ አትንገሪያቸው፣ ጨምረሽም አትንገሪያቸው። ነገ የሚሰጣቸው ነገር የለም። መድኃኒትም አይመጣላቸውም። ስማቸው አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የሚሆኑት፤ ግን ሙሉ ጽሕፈት ብዙ እንደሚናገር፣ እኔም ያለ ስም አንቺን እንዳወቅሁሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እምቢ ማለት መብታቸው ነው፤ በኋላም ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ይወጣሉ። እሺ ካሉ ግን ስለ እነሱና ስለ ልጆቻቸው የሚሞላው ባዶ ከሌላ ሰው ተቆርሶ አይሞላም። ይኸው ነው። ካመኑበት ይፈርሙ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፤ ከአንድ ቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ። ደግነትሽን አውቀዋለሁ፤ አንዷ እሺ ስትል እህቷን፣ ምራቷን፣ የአክስቷን ልጅ ሰብስበሽ ነርሷ ፊት ትደረድሪያለሽ። እንዳታደርጊው! የሰርግ ጥሪ አይደለም። የኛ የአጎት ልጆችም ከሰሙ ይመጣሉ፤ በትሕትና መልሻቸው።

አሁን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ግማሼን ያለ አንድ ስህተት የያዘች እሷ መሆኗን ንገሪያትና ደስ ይበላት። ለጋሼ እጅ ነስቻለሁ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይፈልጉት። ለትልቁ ልጅሽ አዲሱ ሥራ የሰመረ ይሁንለት፤ አለቃውን እንዳይሳደብ፣ ያ የኔ ድርሻ ነው። ለትንሿ ልጅሽ ውሸት እንደማይሆንላት ንገሪያትና ስልኩን ካሁን በኋላ ራስሽ አንሺ። ሱቅ ለምታግዝሽ ልጅም ሰላም በያት። ባለቤቴ፣ ፍሪጁና መብረቅ ሰላም ብለውሻል፤ መብረቅ «ከራሱ በላይ ስለሱ የምታውቀዋን እህቱን ሳላያት አልሞትም» ትላለች።

በመጨረሻ ከግንቡ ወዲያ ላለችው ጎረቤትሽ ሰላምታ አለኝ። አዎ፣ ለእሷ። የዝናቡን ውኃ ወደ ግቢሽ ከመለሰችብሽ ወዲህ ቃል እንዳልተለዋወጣችሁ አውቃለሁ። ግን ከሩቅ የመጣች ናት፤ በጋብቻም በሥጋም ከሰፈሩ ከማንም ጋር አትገናኝም፤ ማመሳከሪያው እንደሷ ያለውን ነው የተራበው። ደም የሰጠች ቀን ወረፋ ላይ ከኋላሽ ቆማ እንደነበር ራስሽ በንዴት ነግረሽኛል። ነርሷ ሄዳ ጠይቃት ነበር፤ «እዚህ ሰፈር ማን ሰው ብሎኝ ነው የኔ ደም የሚፈለገው?» ብላ መለሰቻት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ወረቀት እኛ ዘንድ የለም። ስለዚህ ሰላምታዬን አንቺው ይዘሽላት ሂጂ። በግንቡ ላይ እንዳትጣሪያት፤ በበሩ ዞረሽ ግቢ። ስትናገር ደግሞ እስክትጨርስ ጠብቂያት።

ወንድምሽ

ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ከቤቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ
ቅዳሜ ረፋድ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን